ድምፁን ዘግታችሁ ክሊፕ ብታዩ የዘፈኑን ዓይነት ታውቁታላችሁ፤ መልእክቱንስ?

የማሲንቆ ወዳጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስቲ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ዩቲዩብ ላይ ሰሞኑን ከወጡት ክሊፖች አንዱን ክፈቱና ድምፁን ዝጉት። አሥር ሰከንድ ሳይሞላ የዘፈኑ ዓይነት ይገባችኋል። ጥበብ ቀሚስ፣ ለምለም ሜዳ፣ ቄጤማ፣ ጀበና፣ ከዘፋኙ ኋላ በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ተወዛዋዦች ካያችሁ “ባህላዊ” ነው። ሴትየዋ መስኮት ዳር ሆና ፎቶ ስታገላብጥ፣ ውጭ ዝናብ ሲወርድ ካያችሁ ትዝታ ነው። የሌሊት አስፋልት፣ በሩ የተከፈተ መኪና፣ ከታች ወደ ላይ የሚያነሳ ካሜራ ከሆነ ራፕ ነው። ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ከበሮ ይዘው ከመጡ መዝሙር ነው፤ አንድ ዓይነት ካባ ለብሰው በግማሽ ክብ ከቆሙም መዝሙር ነው። የየትኛው ቤተ እምነት እንደሆነ እንኳ ሳትሰሙ ትለያላችሁ።

ዓይነቱን በዓይን ማሳወቅ ጥፋት አይደለም። የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኝም ያለ ባርኔጣና ያለ ገጠር መንገድ ብዙም አይታይም። የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያው ኤምቲቪ በፈረንጆቹ 1981 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ዘፈንን በልብስና በቦታ መለየት የሁሉም ሰው ልማድ ሆኗል። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ክሊፖቻችን “ይህ የባህል ዘፈን ነው” ለማለት ያን ያህል ይደክሙና ግጥሙ ጋ ሲደርሱ ቃል በቃል ይከተሉታል። ዘፋኙ “ተራራ” ሲል ተራራ፣ “ወንዝ” ሲል ወንዝ፣ “እናቴ” ሲል ነጠላ የለበሱ ባልቴት። የእኛ የዘፈን ግጥም ግን ያደገው በሰምና ወርቅ ነው። አሁን እዚሁ የቋጠርኳትን እዩ፦

አባይን አምኜ ብገባ ከልቤ፣
ይዞብኝ ነጎደ ልብሴን ከነቀልቤ።

ሰሙ ወንዙ ነው፣ ወርቁ ዋሾው ወዳጅ። አዝማሪ ቤት ብትባል ሰው ትንሽ ዝም ይልና ድንገት ይስቃል፤ ወርቁን ራሱ ነዋ ያገኘው። ይህችው ስንኝ ክሊፕ ተሠራላት እንበል። ጢስ እሳት ፏፏቴ በድሮን ይታያል። አለቀ። ዳይሬክተሩ ሰሙን መረጠና ወርቁን ለሁላችንም ዘጋብን። ዓይን ወንዝ እያየ ጆሮ ዋሾውን አይሰማም።

ለወርቁ ቦታ የሚተው ክሊፕ አይታችኋል? ከመሃላችሁ ክሊፕ የምትሠሩ ካላችሁም ከውስጥ ንገሩን።

ኤዲቲንግ ክፍል

ኤዲተር ነኝ፣ ከውስጥ ልንገርህ። አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙ ዳይሬክተሩ ጋ የሚመጣው ግጥም ይዞ ሳይሆን ስልኩ ላይ የሌላ ሰው ክሊፕ ይዞ ነው። “እንደዚህ አድርግልኝ” ይላል። ገንዘቡን የሚያወጣው ራሱ ወይም አንድ ወዳጁ ነው። የካሜራው፣ የድሮኑ፣ የጀነሬተሩ፣ የልብሱ ኪራይና የተወዛዋዦቹ አበል ሁሉ በቀን ስለሚታሰብ ቀረጻው ቶሎ ማለቅ አለበት። ግጥሙን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ከተገኘም ሜካፕ እስኪያልቅ ባለችው ጊዜ ነው። ጀበናና ሜዳ የሚመረጠው ማንም ስለማይከራከርበት ነው፤ ስፖንሰሩም፣ ቴሌቪዥን ጣቢያውም፣ የዘፋኙ ቤተሰብም ይስማማበታል።

የማይነሳ ነገር ልጨምር፤ እሱም ምት ነው። አብዛኞቻችን አቆራረጥ የተማርነው ከውጭ ቪዲዮዎች ነው፣ እነሱ በአራት ይቆጥራሉ። ችክችካ የሚባለው የእኛ የጭፈራ ምት ግን ስድስት ነው፤ በሦስት በሦስትም በሁለት በሁለትም ይሰማል። በአራት የለመደ እጅ ችክችካ ላይ ሲቆርጥ ሥዕሉ ከከበሮው ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ተመልካቹ ምክንያቱን አይነግርህም፣ “የሆነ ነገር ጎረበጠኝ” ነው የሚልህ። እኔ አሁን ከበሮውን ብቻ ለይቼ ደጋግሜ ሰምቼ ነው መቀስ የማነሳው።

ትዝታን በተመለከተ ደግሞ ይህን ስሙ። ዘፋኟ በዝግታ እየተራመደች፣ ፀጉሯ ቀስ ብሎ እየተበተነ፣ ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር ልክ ሲገጥም አይታችኋል? ቀረጻ ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚለቀቀው። እሷም በዚያው ፍጥነት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ያነሳል፤ እኔ ወደ 25 ስመልሰው ከንፈሩ ይገጥማል፣ ሌላው ሁሉ ይዘገያል። ቦታው ላይ ሆናችሁ ብታዩት ግን ትዝታ አትሉትም። ድምፁ ቀጥኖ እየሮጠ፣ ዳይሬክተሩ “ተክዢ!” ይላታል። በዚያ ፍጥነት ማን ይተክዛል? ብዙ የትዝታ ክሊፖች ላይ ብርሃኑም ዝናቡም ተሳክቶ ፊቱ ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ትዝታ በልኩ ፍጥነት፣ ፊት ላይ ተረጋግቶ ቢቀረጽ ይሻላል። ዳይሬክተሮቹ ግን ያለ ዝግታ “ትዝታ አይመስልም” ይሉኛል።

ትከሻዬ

ወንድም ኤዲተር፣ እግዜር ይስጥህ፤ መቀሱን ስላነሳህ እኔም ልናገር። ተወዛዋዥ ነኝ።

እስክስታ አንድ የትከሻ ንቅናቄ አይደለም። ይጀመራል፣ ይሰበሰባል፣ አንገት ይቀበለዋል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከፊቴ ያለችው ደግሞ አይታኝ ትመልስልኛለች፤ እሷ ጨምራ ስትመልስ እኔ መብለጥ አለብኝ። ሁለታችንን የሚያሳይ ካሜራ ከሌለ ጨዋታው የለም። እሷን ለግማሽ ሰከንድ፣ እኔን ለግማሽ ሰከንድ ካሳየ ለሰው የሚደርሰው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። የጉራጌው ጭፈራ ጉልበቱ እግር ላይ ነው፤ ከወገብ በላይ ያነሱታል። የወላይታው ወገብ ላይ ነው፤ ፊት ያሳያሉ። የትግራዩ ክብ ሠርቶ የሚዞር ነው፣ ክቡ ራሱ ነው ጭፈራው፤ ካሜራው መሃል ገብቶ አንድ ቆንጆ ልጅ ይይዛል።

ከሁሉ የሚያመኝን ልንገራችሁ። “ሁሉንም ብሔረሰብ እናሳይ” ተብሎ ልብስ እየቀያየርን አንዱኑ እርምጃ ደጋግመን የጨፈርንባቸው ቀረጻዎች አሉ። ልብሱ የአርሲ ነው፣ እንቅስቃሴው ግን አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ የተለማመድነው ነው። የልብሱ ባለቤቶች ቤታቸው ተቀምጠው ያንን ሲያዩ ምን ይሰማቸዋል? የሕዝብን ልብስ ለብሶ የራሱን ጭፈራ ነፍጎ ማሳየት ከመናቅ አይለይም።

የሐይቅ ልጅ

እኔ ወሎዬ ነኝና በወሎ በኩል ልምጣ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን (ዜማው ከሚሠራባቸው የድምፅ መሰላሎች) ሁለቱ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው፣ አምባሰልና ባቲ። አምባሰል ተራራ ነው። ባቲ ግን ወደ አፋር ቆላ መውረጃ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ከነግመሉ ይገናኛሉ። እኔ ያየኋቸው “ባቲ” የሚባሉ ክሊፖች ግን ጭላዳ ዝንጀሮና የሰሜን ተራሮች ይዘው ይመጣሉ። ግመሉ የታለ? ሙቀቱ የታለ? ሦስት ቋንቋ የሚናገረው የገበያ ሰውስ? ዘፈኑ ከዚያ አቧራ ነው የወጣው።

የማሲንቆ ወዳጅ

የሐይቅ ልጅ፣ ስለ ገበያዋ ያልሽውን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። ባቲ ቅኝት ነው። በባቲ ቅኝት ስለ ጎንደር ልጅም፣ ስለ ሀዘንም፣ ስለ ሠርግም ይዘፈናል። ቅኝቱ ባቲ ስለሆነ ሥዕሉ ባቲ መሆን አለበት ካልን ያው ቃል በቃል መከተል ነው፣ አሁን ደግሞ በስም በኩል። ግጥሙ ከተማዋን ካነሳ ግን ልክ ነሽ፣ የሰሜን ተራራ ምን ሊሠራ ይመጣል?

የሐይቅ ልጅ

ቅኝት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የምናገረው ቦታዋን በስሟ እየጠሩ ስለሚዘፍኑት ነው፤ እነሱ ናቸው የሚበዙት። ደግሞስ ሥዕሉ የግድ ከየትም ይምጣ ከተባለ ከገዛ ቤቱ ቢመጣ ምናለበት?

ጀሞ ብሎክ

ራፕን በመኪናና በሌሊት አስፋልት ብቻ ስላነሳችሁት ቅር ብሎኛል። ያ ከውጭ የተቀዳው ነው፤ እኛ ሠፈር የሚሠራውን አላያችሁትም። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ ልብስ በተሰጣበት ገመድ መሃል፣ ጣሪያ ላይ ከሮቶ ጎን የሚቀረጹ ክሊፖች አሉ። ስልክ ነው ካሜራቸው። ልጁ ከሠፈር ጓደኞቹ ጋር ይቆማል፤ ማንም አይጨፍርም፣ ሁሉም ወደ ካሜራው ያያሉ። ያ እይታ ነው መልእክቱ። “እዚህ ነን፣ ቆጥራችሁናል?” ይላል። ግጥሙ ስለ ኑሮ ውድነት ቢሆን ማንም ባዶ ድስት አያሳይህም፤ ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዛ የምታልፍ ሴት ትታያለች፣ እሷም ተዋናይ አይደለችም፣ ውኃ ስለጠፋ እየወጣች ነው። የማሲንቆ ወዳጅ የፈለግከው ወርቅ እሱ አይመስልህም?

የማሲንቆ ወዳጅ

ይመስለኛል እንጂ። የጀሪካኗ ሴት ግጥሙ ውስጥ የለችም፤ ግጥሙን ግን አከበደችው። ስፈልገው የነበረው ይኼ ነው።

ከጅዳ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን አላስችል አለኝ።

እናንተን ጀበናው፣ ቄጤማው፣ ሜዳው ሰልችቷችኋል። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሥራ ጨርሼ ማዳም ከተኛች በኋላ ኢርፎን ሰክቼ ክሊፕ አያለሁ። ያ ሜዳ ሲመጣ ዘፈኑን እንኳ አልሰማም፣ ሣሩን ነው የማየው። ከሥር አስተያየቶቹን አንብቧቸው፦ ከቤይሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ የጻፉ ሴቶች ናቸው። ማናቸውም ስለ ካሜራ አይጽፉም። “የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ”፣ “ያ ዛፍ የእኛን ይመስላል” ነው የሚሉት። ስለዚህ ሜዳውን አትንኩብን።

የማሲንቆ ወዳጅ ያልከው ግን ደርሶብኛል። ስለ ሩቅ ወዳጅ የተዘፈነ ዘፈን ሁሉ ለእኔ ስለ እናቴ ነው። ክሊፑን ስከፍት ግን አንድ መልከ መልካም ልጅ ኤርፖርት ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ይመጣል፤ ዘፈኑ የሱ ይሆናል፣ እናቴ ትወጣለች። ስለዚህ አሁን ግጥሙ ብቻ በጽሑፍ የሚታይበትን ቪዲዮ ነው የምመርጠው። እሱ ላይ እንደ ፈለግኩ አስባለሁ።

ደግሞ የስደት ዘፈን ክሊፕ የሚሠሩ ሰዎች እባካችሁ ስሙኝ። ወይ ሻንጣ ይዛ ቦሌ ላይ ታለቅሳለች፣ ወይ ወርቅ አድርጋ ትመለሳለች፣ ወይ ታማ ትተኛለች። በመሃል ያለው ሥራስ? ብረት ድስቱ፣ ካውያው፣ ልጆቹ፣ ለእናቴ የምልከው የድምፅ መልእክት፤ ሦስቴ ቀድቼ ድምፄ ደህና እስኪመስል የማጠፋው። ያንን ማንም አሳይቶ አያውቅም። ስደት ግን በዋናነት እሱ ነው።

ትከሻዬ

እህቴ፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። ሜዳ ላይ ስጨፍር ማን እንደሚያየኝ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አስባለሁ።

የጥቁርና ነጭ ዘመን

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የቆየውን ላውጋችሁ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ያየነው የደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የዘፈን ሥዕል ማለት መጋረጃ፣ ኦርኬስትራ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ዘፋኝና የቆመ ካሜራ ነበር። ካሜራው የሚሄድበት ስለሌለው ፊት ላይ ይቆያል። የጥላሁን ገሠሠን ፊትና እጅ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላ ትዕይንት አያስፈልገውም ነበር።

በደርግ ጊዜ ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር። ወረቀቱ ላይ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ማኅተም ይመታበታል። ሰው ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲሰማው የታሰረ ልጁን ያስባል፣ የተሰደደ ወንድሙን ያስባል። ለምን ቻለ? ሥዕሉ ምንም ስለማይል ነው። ከዘፋኙ ኋላ ያለችው መጋረጃ ለማንም አትወግንም፣ ሁሉም የራሱን ሰው ይስልባታል። አሁን ያቺ ከጅዳ የጻፈችው ልጅ ስለ ጽሑፍ ብቻ ቪዲዮ ስትናገር ያቺ መጋረጃ ትዝ አለችኝ። እግዜር ያግዝሽ ልጄ።

መጋረጃው ይመለስ አልልም፤ ድህነትም ነበር። ግን ካሜራው አንዳንዴ ዝም ይበል።

አራዳ ጊዮርጊስ

ጋሼ ያሉት ለትዝታና ለፍቅር ልክ ነው። ነገር ግን ለሁሉም ዓይነት ዘፈን አይሠራም፤ እዚህ ላይ ክሩን ልሞግት።

ሽለላ፣ ፉከራና ቀረርቶ ወርቅ አይደብቁም። ጀግናው በስሙ፣ በፈረሱ ስም፣ በጣለው ጠላት ይጠራል። ሁሉም ነገር በአደባባይ ነው፤ ፎካሪው ራሱ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጦሩን ይዞ ወጥቶ መታየት አለበት። ለዚህ ዓይነት ዘፈን መጋረጃ ብታደርግለት ታፍነዋለህ። ቴዲ አፍሮ በ2004 ላወጣው “ጥቁር ሰው” ዘፈን የተሠራውን ክሊፕ አስቡ። የየካቲት 1888ቱን የዓድዋ ጦርነት በተዋንያን አሳየን፤ ዘፈኑ ምኒልክን ሲያወድስ ሥዕሉም ያንኑ አሳየ። በክሩ መጀመሪያ በተባለው መለኪያ “ቃል በቃል” ነው። ግን ሠራ። በዚያ ዘመን ስለ ዓድዋ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ከማንበብ ያላለፈ ወጣት በዘፈን ክሊፕ ላይ ጦርነቱን ሲያየው፣ ዓይነቱን የማሳወቅና መልእክቱን የማድረስ ሥራው አንድ ሆነ።

እንግዲህ ጥያቄው “ቃል በቃል ነው ወይስ አይደለም” ሳይሆን ዘፈኑ ከየትኛው ቤተሰብ ነው የሚለው ይመስለኛል። ውዳሴ መታየት ይፈልጋል። ትዝታ መሰወር ይፈልጋል። የሠርግ ዘፈን ምንም ምሥጢር የለውም፤ ብዙ ሰው፣ ብዙ ምግብ፣ እልልታ ካሳየህ አበቃ። ችግሩ የሦስቱንም ክሊፕ አንድ ሰው በአንድ ዓይነት ድሮን ሲያነሳው ነው።

የማሲንቆ ወዳጅ

አራዳ፣ ተቀብያለሁ። ሽለላን አላሰብኩትም ነበር፤ ትዝታና የአዝማሪ ጨዋታ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ያም ሆኖ ውዳሴውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአንዱ ጀግና ለሌላው የቁስል መነሻ የሚሆንበት ሀገር ላይ ነን፤ ፊት ሰጥተህ፣ ልብስ አልብሰህ ያሳየኸውን ሰው ተመልካቹ እንደ ዘፈኑ ቃል በልቡ አያለዝበውም። ሥዕል ከስንኝ ይልቅ ይከርራል።

ዘማሪት ነኝ

ስለ መዝሙር በአንድ መስመር ስላለፋችሁት ትንሽ ልበል። እኛ ጋ ልብሱ መለያ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። መቋሚያው የሚነሳበትና የሚወርድበት፣ ጸናጽሉ የሚመታበት ትርጉም አለው። ስለዚህ አሁን አሁን በመዝሙር ክሊፕ ውስጥ ካሜራው እየተሽከረከረ ዘማሪዋን ባሕር ዳር ፀጉሯ ሲበተን የሚያሳየው ነገር ያሳዝነኛል። ያ አቀራረጽ ከፍቅር ዘፈን ነው የመጣው፣ ሰው ሳያውቀው ስሜቱንም ይዞት ይመጣል። ቃሉ ጸሎት ሆኖ ሥዕሉ ናፍቆት ሲሆን ሰሚው የቱን ይከተል?

ኤዲቲንግ ክፍል

ከዚህ ክር ሁለት ነገር ወስጄ ለዳይሬክተራችን ነግሬዋለሁ። ቀጣዩ ሥራችን የጎጃም ዘፈን ነው። አንደኛ፣ አንድ ካሜራ ሰፊ ሌንስ ተደርጎበት ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተወዛዋዦቹን ጥንድ ጥንዱን ሳይቆረጥ ይይዛል። ትከሻዬ ያልሽውን ጥያቄና መልስ ቢያንስ ቆርጬ እንዳላጠፋው ጥሬው እጄ ላይ ይኖራል። ተጨማሪ ካሜራ ማለት ተጨማሪ ኪራይና አንድ ካሜራማን ነው፤ ስለዚህ የድሮኑን ኪራይ ቀንሰን ነው የምንሸፍነው። ተስማምቷል።

ሁለተኛውን ግን ገና አልተቀበለኝም። መሃል ላይ ሁለት ትርጉም ያላት ስንኝ አለች። እዚያ ላይ ምንም እንዳናሳይ፣ ዘፋኙ ላይ ብቻ እንድንቆይ ነው የጠየቅኩት። “ሰው ይሰለቻል” አለኝ። ትከሻዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ በጥንድ ስትጨፍሩ ካሜራው ስንት ሜትር ቢርቅ ነው ለናንተ የሚመቻችሁ? ሲጠጋባችሁ ፊት መስጠት እንደምትጀምሩ አስተውያለሁ።

ትከሻዬ

ልክ አስተውለሃል። ሲጠጋ ለካሜራው እንጨፍራለን፣ ሲርቅ ለእርስ በርስ። ከአምስት ሜትር ባይቀርብ እመርጣለሁ፤ ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከጎን አድርጉት፣ ከፊት ከሆነ አንዷ ሁልጊዜ ጀርባዋን ትሰጣለች። ሌላው፣ በስፒከር የምትለቁልንን ዘፈን ድምፅ ከፍ አድርጉት። ከበሮው ደረታችን ላይ ካልደረሰ ትከሻችን አይታዘዝም፤ ብዙ ቀረጻ ላይ ከሩቅ የስልክ ድምፅ በሚመስል ነገር ነው የምንጨፍረው። ጫማችንን አውልቀን ሣር ላይ ከሆነም ጠዋት አታድርጉት፣ ጤዛው ያንሸራትታል።